የአያት ጠመንጃ፦ የጥንት የጦር መሣሪያን መለየት፣ ዋጋውን መገመትና ሳያበላሹ ማቆየት

የቆየ ጠመንጃ የወረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ብርጭቆ ወረቀት ነው። ዝገቱን ይፍቃል፣ ሰደፉን ቫርኒሽ ይቀባል፣ ማንገቻውን ቅቤ ያጠጣል፤ ከዚያ ያብለጨለጨውን መሣሪያ ሳሎን ውስጥ ሰቅሎ እንግዳ ያስደንቃል። ሁለት ጦርነትና አምስት ወራሽ ያልጎዱትን ዕቃ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አበላሸው ማለት ነው። ማህተሙ ከተፋቀ በኋላ ጠመንጃው የት፣ መቼና ለማን እንደተሠራ የሚመሰክር ነገር አይኖርም፤ ከእርሱ ጋር የዋጋው አብዛኛው ክፍል ይሄዳል።

ስለዚህ እዚህ ጽዳት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በጥቂቱ። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ የሕጉ ጉዳይ ይስተካከላል፤ ከዚያ ብረቱ ላይ የተጻፈው ይነበባል፣ የቤተሰቡ ወሬ ይጻፋል፣ ዋጋው ይገመታል። ጨርቅና ዘይት የሚነሱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የምናወራው በአውሮፓና በአሜሪካ ለጦር ሠራዊት ተሠርተው በግዢ፣ በስጦታ ወይም በምርኮ ኢትዮጵያ ስለገቡት ጠመንጃዎች ነው፤ ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ሬሚንግተን፣ ምንሽር፣ ለበል፣ ቤልጅግና የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ። በቅርብ ዓመታት ከነዚሁ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ወጥተው በአሜሪካ የሰብሳቢዎች ገበያ ስለተሸጡ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም የአያቶቻቸውን ዓይነት ጠመንጃ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ጀምረዋል።

አንደኛ፦ ጎርሷል ብለው ይነሱ

«አባቴ ባዶ ነው ብሎኝ ነበር» ማስረጃ አይሆንም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ጣትዎን ከቃታው ያርቁ፤ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ ኋላ ይሳቡና የጥይት ማረፊያውን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ካዝና ካለው ካዝናውንም ይዩ። ለበል ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጥይቶቹ የሚደረደሩት ከበርሜሉ ሥር በእንጨቱ ውስጥ በተደበቀ ቱቦ ስለሆነ ከላይ አይቶ ባዶ ነው ማለት አይቻልም።

መቀርቀሪያው በዝገት ተይዞ እምቢ ካለ መዶሻ አያንሡ። በአፈሙዝ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከኋላ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከጎን ሆነው፣ ሳይገፉ፣ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይልቀቁ፤ አፈሙዙ ጋ ያለውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ዘንጉን አውጥተው በበርሜሉ ላይ ከውጭ ያስተኙት። ዘንጉ እስከ ኋላው ጫፍ ካልደረሰ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ሥራውን እዚያ ላይ አቁመው ለፖሊስ ወይም ለመሣሪያ ባለሙያ ያሳውቁ።

አብሮት ዝናር ከተገኘ ዝናሩ ቅርስ ነው፤ በውስጡ ያለው ጥይት ግን ለፖሊስ የሚሰጥ ነገር ነው። ቀለሃውን ፈትቶ ባሩዱን ማውጣት የሚባል ሙከራ አያስፈልግም።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አይተኩሱበት። ለሠርግም ለለቅሶም ቢሆን። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት ለኋለኛው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት አልተሠራም። ኢጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ቢያጥራቸው የድሮ ቬተርሊዎችን በርሜል ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብተው 6.5 ሚሊ ሜትር እንዲተኩሱ አድርገዋቸው ነበር። ዛሬ እነዚያን መተኮስ እንደማይገባ የሚያውቁ ሁሉ ይስማማሉ።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» የሚለው ክርክር ከጣቢያ በር አያሳልፍም፤ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሄደው ይጠይቁ። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለሚመለከተው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ሌላ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሻንጣ ውስጥ ፈታትቶ ለመውሰድ ያሰበ ዘመድ ካለ ይህን አንቀጽ ያንብቡለት።

በአሜሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠሩትን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ለይቶ ያያቸዋል። ስለዚህ ውጅግራና ቬተርሊ ከአብዛኛው የፌዴራል ቁጥጥር ውጭ ሲሆኑ፣ የ1930ዎቹ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ግን እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጠራል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ የየአገራችሁን ሕግ ሳታጣሩ አትግዙ፤ አሻግሮ መላክንም አታስቡ።

ሦስተኛ፦ ብረቱን ማንበብ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ ደብተርና ስልክ። ባትሪውን ከፊት ለፊት አያብሩ፤ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው ሲያበሩት የጠፋ የመሰለ ጽሑፍ በጥላው ብቅ ይላል። ዝገት የሸፈነው ማህተም ቢያጋጥምዎ አይፈቅፍቁት። ፎቶግራፉን ከተለያየ ማዕዘን አንሥተው በኋላ አጉልተው ያንብቡት።

መጀመሪያ አሠራሩን ይለዩ።

ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል፣ ካዝና የለውም፤ አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ የረጅሙ መቀርቀሪያ እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። ሳንጃው የነሐስና የእንጨት እጀታ ያለው ቀጥ ያለ ነው፤ በጀርባው ላይ የተሠራበት ከተማ፣ ወርና ዓመት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ስለሚቀረጽ አብሮ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቬተርሊ የኢጣሊያ የ1870 ሞዴል ነው። በመጀመሪያ እንደ ውጅግራው ባለ አንድ ጥይት ነበር፤ ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ፣ ከቃታው ፊት ወደ ታች የሚወጣ ሣጥን ተጨመረለት። አድዋ ላይ አብዛኛው የኢጣሊያ ወታደር የያዘው ይህን ነበር።

ሬሚንግተን መቀርቀሪያ የለውም። ከኋላ ያለውን መምቻ ብረት ወደ ኋላ ስቦ፣ ክብ ብረት ወደ ኋላ አንከባልሎ ነው የሚከፈተው። በፈረንጅ 1875 እና 1876 ጉንደትና ጉራ ላይ የተሸነፈው የግብፅ ጦር ታጥቆት የነበረው ይህ ስለሆነ፣ በአረብኛ አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ያለበት ሬሚንግተን ካገኙ ቁጭ ብለው በደንብ ይዩት።

ምንሽር የሚባለው ስም በየቤቱ ለብዙ ዓይነት ጠመንጃ ስለሚሰጥ በስሙ ብቻ አይመሩ። በብዛት የሚገኘው የኢጣሊያው ካርካኖ የ1891 ሞዴል ነው፤ ስድስት ጥይት በብረት ማቀፊያው እንዳለ ካዝና ውስጥ ይገባል፤ ባዶው ማቀፊያ በካዝናው ሥር ባለ ቀዳዳ ይወድቃል። ቀዳዳውን ይፈልጉ። ረጅሙ 1 ሜትር ከ28 ገደማ፣ የፈረሰኛው አጭሩ ከ1 ሜትር በታች ነው።

ቤልጅግ በሄርስታል ከተማ የተሠራው የማውዘር ዓይነት ነው፤ አምስት ጥይት የሚይዘው ካዝና ከእንጨቱ ጋር እኩል ስለሆነ ወደ ታች የወጣ ነገር አይታይበትም። ሊ ኤንፊልድ አሥር ጥይት የሚይዝ ሣጥን አለው፤ የንጉሡ ዘውድና ዓመተ ምሕረቱ በቀኝ በኩል፣ ሰደፉ በእጅ በሚያዝበት ቦታ ላይ ባለው ብረት ላይ ይገኛሉ።

ጥርጣሬ ከቀረ የአፈሙዙን ስፋት ይለኩ። መለኪያ የሌለው ሰው ተራ እርሳስ ይውሰድ፤ ባዶነቱን አረጋግጦ ያልተቀረጸውን ጫፍ አፈሙዙ ላይ ያስጠጋ። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በ6.5ቱ ካርካኖ አይገባም። በውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ውስጥ ግን እየተወላወለ ይገባል። የቬተርሊው 10.35፣ የሬሚንግተኑ ከ11 ትንሽ የሚበልጥ፣ የለበሉ 8፣ የቤልጅጉ 7.92፣ የሊ ኤንፊልዱ 7.7 ነው። አፈሙዝ በጊዜ ብዛት ይበላልና ጥቂት ቢሰፋ አይደንቅም።

ቀጥሎ ማህተሙ። ውጅግራ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል፣ ከሞዴሉ ዓመት ጋር የጥይት ማረፊያው ብረት ላይ ይነበባል። ከሞዴሉ አጠገብ «ኤም» ፊደልና 80 ቁጥር ካለ በ1880 በወጣው ማሻሻያ ጋዝ የሚወጣበት ቦይ ተቆርጦለታል ማለት ነው። ቬተርሊና ካርካኖ ላይ ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ የሚሉ የፋብሪካ ከተሞች፣ ዘውድና ዓመት ከበርሜሉ ኋለኛ ጫፍ ላይ ይገኛሉ። ቤልጅግ ላይ የፋብሪካው ስም በፈረንሳይኛ በረጅሙ ይጻፋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ባዘዛቸው ላይ ከላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። አንበሳው ዋጋ ስለሚጨምር በኋላ የተቀረጸም ሊያጋጥም ይችላል፤ በፋብሪካ የተመታ ማህተም ጠርዙ ከቀሪው ብረት እኩል ያረጀ፣ ውስጡም እኩል የጠቆረ ነው። በአዲስ የተቆረጠ ግን ጠርዙ ይቆርጣል፣ ውስጡም ያበራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ብረቱ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «1888» የሚል ማህተም ያየ ሰው አድዋን አስቦ ልቡ ይዘላል፤ ግን አድዋ የተዋጋነው በእኛ 1888፣ በእነሱ 1896 ነው። ያ ጠመንጃ ከጦርነቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተሠርቷል። «1928» የሚለውም እንዲሁ የማይጨው ዓመት አይደለም፤ ማይጨው በፈረንጅ 1936 ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የሞዴል ዓመትን ከሥራ ዓመት ጋር መቀላቀል ነው፤ 1874 ሞዴል ማለት በ1874 ተሠራ ማለት አይደለም። ሬሚንግተን ላይ የተደረደሩት ቀኖችም የፈጠራ መብት የተሰጠባቸው ቀኖች እንጂ የልደት ቀኑ አይደሉም።

የፋሺስቱ ዘመን ካርካኖ ደግሞ አንድ ደግነት አለው። ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ይጽፋል፤ ይህ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የሚቆጠር ነው። አሥራ አራተኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ወረራው የተካሄደበት ዓመት ማለት ነው። 1936 እና አሥራ አራት አብረው የተመቱበት ጠመንጃ ከፋብሪካ የወጣው አርበኛው ዱር በገባበት ወራት ነው።

በመጨረሻ የመለያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይመዝግቡ፤ በርሜል፣ መቀርቀሪያ፣ ሰደፍ፣ የሳንጃ እጀታ። ውጅግራ፣ ቤልጅግና ሊ ኤንፊልድ ላይ የመቀርቀሪያው ቁጥር ከዋናው አካል ጋር ቢገጥም ጥሩ ምልክት ነው። ካርካኖ ላይ ግን መቀርቀሪያው በፋብሪካ ቁጥር አይመታም ነበር። «ቁጥሩ አይገጥምም» ብሎ ዋጋ የሚያወርድብዎ ገዢ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

አራተኛ፦ የቤተሰቡን ወሬ መጻፍ

ከዚህ ክፍል ጋር የሚወዳደር የለም፤ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አብሮ የሚሄድ ብቸኛው ክፍል ስለሆነ። ድምፅ መቅጃ ይዘው ቁጭ ይበሉ። ጠመንጃው ለማን፣ ከማን፣ በየትኛው ዘመቻ፣ በየትኛው አውራጃ? ተገዝቶ ነው፣ ተሸልሞ ነው፣ ተማርኮ ነው? ስም ወጥቶለት ነበር? በፉከራ ላይ ይጠራ ነበር? ማን ሠርግ ላይ፣ ማን ለቅሶ ላይ ይዞት ወጣ? መቼ ተሰበረ፣ ማን ጠገነው? የተናገረውን ሰው ስም፣ ዕድሜና የተነገረበትን ቀን ይጻፉ። የቆየ ፎቶግራፍ ላይ አያት ይዘውት ከቆሙ ያ ፎቶግራፍ ከወሬው ሁሉ ይበልጣል፤ ማንገቻውን፣ የእንጨቱን ስንጥቅ፣ የቀለበቱን ቦታ ከእጅዎ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ቀጥሎ ወሬውን ከብረቱ ጋር ያገናኙ። «የአድዋ ምርኮ ነው» ከተባለና ማህተሙ 1917 ከሆነ የአድዋ አይደለም፤ አከራካሪ ነገር የለውም። 1885 የተጻፈበት ቬተርሊ ግን ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን ይችላል ማለት ነው ማለት አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ከውጫሌ ውል ዙሪያ፣ ኢጣሊያ ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ትሰጥ ነበር። ስለዚህ የኢጣሊያ ማህተም ያለበት ሁሉ ከኢጣሊያ እጅ የተነጠቀ አይደለም፤ አያትዎ ከቤታቸው ይዘውት ዘምተው ሊሆን ይችላል። ውጅግራም ከሆነ ከጂቡቲ በኩል የመጣ የንግድ ዕቃ መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል። በኔ ግምት የዘመቱበት ጠመንጃ ከማረኩት ጠመንጃ አያንስም፤ ቤተሰብ ግን ምርኮ ይወዳል።

ዓመቱ ካልገጠመ ወሬውን አይጣሉት። ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ጠመንጃው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ አድዋ የዘመቱት ቅድመ አያት ነበሩ፣ ያኛው መሣሪያ ተሸጦ ወይም ጠፍቶ ልጃቸው በጠላት ጊዜ ሌላ ይዞ መጣ፣ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ጠመንጃ ላይ ተሰቀሉ። ደብተሩ ላይ የተነገረውንና የተረጋገጠውን በተለያየ ገጽ ይጻፉ። ሁለቱን መቀላቀል በኋላ የሚመጣ ገምጋሚ እውነቱንም እንዳያምን ያደርገዋል።

አምስተኛ፦ ዋጋ

ዋጋ የሚወሰነው በዓይነቱ ብርቅነት፣ በይዞታው፣ ክፍሎቹ የራሱ በመሆናቸውና ታሪኩ በማስረጃ በመደገፉ ነው። ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይከፍልም። በሚሊዮን የሚቆጠር የተመረተው ካርካኖ ያረጀና የተጎሳቆለ ከሆነ በአሜሪካ ገበያ ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ ሚሊዮን ብር ነገሩኝ የሚል ካለ የነገረው ሰው ይግዛው። አንበሳ ያለበት ቤልጅግ ከዚህ ይለያል። የተሠራው ለአንድ መንግሥት ነው፤ የቀረውም ጥቂት ነው።

ይዞታን ለመመደብ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው የብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር መለኪያ ነው። ለጥንታዊ መሣሪያ «እጅግ ጥሩ» የሚባለው ክፍሎቹ ሁሉ የራሱ ሆነው የፋብሪካ ቅቡ ከ80 በመቶ በላይ የቀረ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ከ30 በመቶ በላይ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የኖሩት አብዛኞቹ ከነዚህ በታች ናቸው፤ ተሰቅለው ሳይሆን ተይዘው ኖረዋልና። ዋጋን በጣም የሚያወርዱት በርሜል መቁረጥ፣ እንጨት መፋቅና ቀለም መቀባት ናቸው። ሦስቱም በሰው እጅ የሚደረጉ ናቸው።

እዚህ ላይ ከብዙ የውጭ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም። የተሰበረ አንገቱ በጥሬ ቆዳ ታስሮ ደርቆ የጠነከረ፣ በቆርቆሮና በሽቦ የተጠገነ፣ በምስማር ያጌጠ ሰደፍ በእነሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ያ ጥገና ግን ፋብሪካው አንድ ጊዜ፣ ባለቤቱ ደግሞ ሕይወቱን ሙሉ እንደሠራው የሚያሳይ ነው። ሺህ ውጅግራ ተመሳሳይ የፈረንሳይ ማህተም አለው፤ ያንን ቆዳ የሰፋው ሰው አንድ ነው። ቆዳውን ፈትቶ ሰደፉን በአዲስ የቀየረ ሰው ጠመንጃውን አላሻሻለም፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ነገር አውጥቶ ጥሎታል። ይህን የሚያውቁ ገዢዎች በውጭም እየበዙ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ጥገና ያለበትን ለይተው የሚፈልጉ አሉ።

ግምቱን ሲያወጡ የሚጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ይመልከቱ። የጨረታ ቤቶች ያለፉ ውጤቶቻቸውን ያወጣሉ፤ ተመሳሳይ ዓይነት፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ይዞታ ያላቸውን በርካታ ሽያጮች ይፈልጉ፣ ከመጠን በላይ የወጣውንና የወረደውን ይተዉ። ጨረታ ቤቱ ከሻጩም ከገዢውም የሚቆርጠው አለ፤ ያንን ቀንሰው ያስቡ። ገምጋሚው ራሱ ገዢ ከሆነ ግምቱን ያመስግኑና ለሌላ ያሳዩ። ማህተም ለማመሳከር በሊድስ የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጦር መሣሪያ ሙዚየምና በፓሪስ ኢንቫሊድ ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ጥሩ ስብስብ አላቸው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ባለሙያዎችን ቢጠይቅ አይከፋም።

ስድስተኛ፦ አቆይቶ መያዝ

አሁን ጨርቁን ያንሡ። እጅዎን ግን በጥጥ ወይም በላስቲክ ጓንት ይሸፍኑ፤ የጣት ላብ ጨው አለው፣ በባዶ እጅ የተነካ ብረት ከሳምንታት በኋላ የጣት አሻራዎን በዝገት ጽፎ ያሳይዎታል።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቁርና ቡናማ፣ ጠንካራ፣ በጨርቅ ሲጠርጉት የማይለቅ ከሆነ ያ የብረቱ የእርጅና ቆዳ ነው፤ ይተዉት፣ ከታች ያለውን ይከላከላል። ብርቱካናማ፣ ዱቄት መሳይ፣ ጨርቅ የሚያቀላ ከሆነ ግን አሁን እየበላ ነው። በእርሱ ላይ ብቻ ቀጭን የማዕድን ዘይት ጠብ አድርገው አንድ ቀን ያቆዩና በሻካራ የጥጥ ጨርቅ፣ ወይም በተሾለ የእንጨት ስንጥር በቀስታ ያንሡት። ቅብ ያለበት ብረት ላይ የብረት ሽቦ አያስጠጉ። አሲድ፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ «ዝገት አጥፊ» የተባለ ፈሳሽ አይግባ።

ዘይቱ ምን ይሁን? ለልብስ ስፌት መኪና የሚሸጠው ቀጭን ዘይት በቂ ነው፤ በጨርቅ ቀብተው ትርፉን እስኪጠፋ ይጥረጉ። የምግብ ዘይት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አሲድና ቆሻሻ አለው። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የተያዘ ብሎን ለማላቀቅ እንጂ ለዓመታት ጥበቃ አይደለም፤ አብዛኛው ይተንናል። ከውጭ ማግኘት የሚችል ሰው በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ሙዚየም የተቀመረውን ሬነሳንስ የተባለ ሰም ቢጠቀም የተሻለ ነው፤ ለብረትም ለእንጨትም ይሆናል፣ አቧራም እንደ ዘይት አይስብም።

የበርሜሉ ውስጥ የራሱ ጉዳይ አለው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸትና የድሮ ጥይት መለኮሻ የሚተዉት ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ጨውን ዘይት አያጥብም፣ ውኃ ነው የሚያጥበው። ስለዚህ በዚህ የተጎዳ በርሜል በተጣራ ውኃ እርጥብ ያለ ጨርቅ ይሳብበታል፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ዘይት። የሚሳበው ከኋላ ወደ አፈሙዝ ነው፤ የአፈሙዙን ጠርዝ የሚበላው በዚያ በኩል የሚገባ ዘንግ ነውና።

እንጨቱ ላይ ያለውን የጭስ ጥላሸት በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ በትንሹ እርጥብ ባለ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። ቫርኒሽ አይቀቡ። የተልባ ዘይት የብዙ አገር ወታደር ሰደፍ የቀባበት ስለሆነ ፈታኝ ነው፤ ነገር ግን በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ተመልሶም አይለቅም፤ በጣም ካልደረቀ ባይቀቡት ይሻላል። ትንንሽ ቀዳዳና ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ካዩ ነቀዝ በውስጡ አለ። በፕላስቲክ ጠቅልለው ከሌላው የእንጨት ዕቃ ይለዩትና ባለሙያ ይጠይቁ፤ ጋዝ አይርጩበት።

ማንገቻው ላይ ቅቤ አይቀባ። እናቶቻችን የቀቡት ቆዳ በየጊዜው የሚለበስና የሚታደስ ነበር፤ ተሰቅሎ የሚቀር ቆዳ ላይ ግን ቅቤ ይገማል፣ ነፍሳት ይጠራል፣ ከነሐስ ዘለበቱ ጋር ተዋህዶም አረንጓዴ ሰም መሳይ ነገር ያወጣል። ያንን አረንጓዴ በእንጨት ስንጥር ያንሡት። ነሐሱን ራሱን በአመድና በሎሚ አያጥቡ፤ በእያንዳንዱ ማጠብ የፊደል ጠርዝ ይሄዳል። የደረቀ ቆዳ ሲያጥፉት ይሰበራልና እንዳለበት ቅርጽ ይተዉት።

ማስቀመጫው ከቅባቱ ይበልጣል። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይለዋወጥ ቢሆን ብረቱም እንጨቱም ይስማማቸዋል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። በክረምት ውጫዊ ግድግዳ ይረጥባል፤ ስለዚህ የሚሰቀለው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከማሞቂያ ርቆ ነው። በማንገቻው አይሰቀልም፤ በጨርቅ በተሸፈኑ ሁለት መያዣዎች ላይ ይጋደማል። ቃታው እንደተወጠረ አይቆይ። በቆዳ ወይም በስፖንጅ ማኅደር ዘግተው ለወራት አያስቀምጡት፤ ማኅደሩ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል፣ ቆዳው ላይ ያለው ማልፊያም ብረት ያዝጋል። ሳንጃውንም ከቆዳ ሰገባው አውጥተው ጎን ለጎን ያኑሩ። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የግድ ከሆነ ጫማ ሲገዛ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብረው ያስገቡና በየጊዜው ይቀይሯቸው። ልጆች በማይደርሱበት፣ መቀርቀሪያው ተለይቶ በተቆለፈበት ሁኔታ ማስቀመጥም ከሕጉም ከጥንቃቄውም ጋር ይሄዳል፤ ግን የወጣው መቀርቀሪያ ላይ የማን እንደሆነ የሚገልጽ የወረቀት ምልክት በክር ይሰሩለት፣ ብዙ ጊዜ ከሚጠፉት ክፍሎች አንደኛው እርሱ ነውና።

የፎቶግራፎቹንና የደብተሩን ቅጂ ከጠመንጃው ርቆ በሌላ ቤት ያስቀምጡ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመያዣው አውርደው በባትሪ ይዩት፤ ባለፈው ዓመት ፎቶግራፍ ላይ ያልነበረ ብርቱካናማ ነጥብ ካለ በዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይሥሩ፣ የሠሩትንም ቀኑን ጠቅሰው ይመዝግቡ።